በደጅ የቀሩ ሦስት ኳርተርባኮች

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ያጽናናል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ከመቃብር በላይ የሚውለውን ስም የሚመርጠው ማን ነው? ጥንት የነገሥታቱን ገድል የሚያቆየው ዜና መዋዕል ጸሐፊው ነበር፤ የጀግናውን ስም ከመንደር መንደር የሚያደርሰው ደግሞ አዝማሪው። ብዕሩም መሰንቆውም ያልደረሱለት ጀግና ሥራው ባይጠፋም ስሙ ጠፍቷል። በዛሬይቱ አሜሪካ፣ ቢያንስ ለአንድ የስፖርት ዓይነት፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ወደ ሃምሳ የሚጠጉ መራጮች ናቸው፤ አብዛኞቹም ጋዜጠኞች። በየዓመቱ ይሟገታሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የአንዱ ሰው ፊት በነሐስ ይቀረጻል፣ ሌላው በደጅ ይቀራል። ይህች ጽሑፍ በደጅ ስለ ቀሩት ስለ ሦስቱ ናት። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ስሙ አያሳስተን፤ ኳሷ እንቁላል መሰል ናት፣ የምትጓዘውም በአብዛኛው በእጅ ነው። ከአሥራ አንዱ ተሰላፊዎች መካከል ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች እንደ ጦር አዝማች ነው። ኳሷ በመጀመሪያ እሱ እጅ ትገባለች፤ እሱም ወይ ለሯጭ ያቀብላታል ወይ ወደ ፊት ለሚፈተለክ ጓደኛው ይወረውራታል። ይህን የሚወስነው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች መሬት ሊደባልቁት እየተንደረደሩበት፣ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው። ጓደኛው ኳሷን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ካለፈ ታችዳውን ይባላል፣ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። ተቃራኒ ከጠለፋት ደግሞ ጥፋቱ በአብዛኛው በወርዋሪው ስም ይመዘገባል። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚወደሰው፣ ሲሸነፍም የሚወቀሰው ከሁሉ በፊት እሱ ነው።

የዝና አዳራሹ የሚገኘው በኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። የዛሬው ብሔራዊ ሊግ በ1920 የተመሠረተው እዚያው፣ በአንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ በ1963 ሲከፈት የመጀመሪያዎቹን 17 ሰዎች ተቀበለ። ደንቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ተጫዋቹ ጨዋታ ካቆመ ቢያንስ አምስት ዓመት ሊሆነው ይገባል፤ ለመግባት ከመራጮቹ ድምፅ 80 በመቶውን ማግኘት አለበት፤ መራጮቹም ሊመዝኑ የሚገባቸው በሜዳ ላይ የሠራውን ብቻ ነው። ከጨዋታ ዓለም ከወጣ 25 ዓመት ያለፈው ሰው ደግሞ ለቀደምቶች በተለየው መንገድ እንደገና ሊታይ ይችላል።

ደንቡ ግልጽ ይመስላል። ችግሩ «በሜዳ ላይ የሠራው» የሚለው ሐረግ ላይ ነው። ምን ሠራ? ስንት ኳስ ወረወረ፣ ስንቱ ተጠለፈበት ብለን እንቁጠር? ወይስ ስንት ዋንጫ አነሣ ብለን እንጠይቅ? አዳራሹ ራሱ ለዚህ አንድ መልስ የለውም። ዳን ማሪኖ አንድም ጊዜ ሱፐር ቦውል ሳያሸንፍ በ2005 ገብቷል። ፍራን ታርከንተን ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ ሦስቱንም ተሸንፎ ሳለ በ1986 ገባ። ጂም ኬሊ አራት ዓመት በተከታታይ ለፍጻሜ ደርሶ አራቱንም ተሸነፈ፤ በ2002 ገባ። ስለዚህ ዋንጫ የግድ አይደለም። በሌላ በኩል ትሬንት ዲልፈር በ2001 መጀመሪያ ከባልቲሞር ጋር ሱፐር ቦውልን አሸንፏል፤ ይሁንና ለአዳራሹ ይገባል ብሎ የሚሟገትለት አይገኝም። ስለዚህ ዋንጫ ብቻውን በቂ አይደለም።

ታዲያ ቁጥር ነው በቂው እንዳንል ጆ ኔማዝ አለ። ኔማዝ በሥራ ዘመኑ 173 ታችዳውን ወርውሮ 220 ኳስ ተጠልፎበታል። በመደበኛው ውድድር እሱ የጀመራቸው ጨዋታዎች ውጤት 62 ድል፣ 63 ሽንፈትና 4 አቻ ነው። ቁጥር ብቻ ቢጠየቅ መልሱ «አይገባም» ይሆን ነበር። ነገር ግን በ1969 ጥር ወር፣ ትንሽ በሚባለው ሊግ ውስጥ የሚጫወተው የኒውዮርክ ጄትስ ቡድኑ፣ የማይበገር ይባል ከነበረው ባልቲሞር ኮልትስ ጋር ሊገጥም ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማያሚ ላይ በሰው ፊት ቆሞ እንደሚያሸንፉ ዋስትና ሰጠ። 16 ለ 7 አሸነፉ። በዚያ ጨዋታ ኔማዝ አንድም ታችዳውን አልወረወረም፤ ሆኖም ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ትንሹ ሊግ ከትልቁ ጋር እኩል መቆም እንደሚችል የታየው በዚያች ቀን ነው። በ1985 ወደ አዳራሹ ሲገባ መራጮቹ የተቀበሉት የቁጥሮቹን ድምር ብቻ ሳይሆን ያለ እሱ ሊነገር የማይችለውን ታሪክ ነበር።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ መጀመሪያው ሰው እንሂድ። ጂም ፕለንኬት በ1947 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሆዜ ከተማ፣ ከሜክሲኮ ዘር ከሆኑ ድኻ ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ ሁለቱም ዓይነ ስውራን ነበሩ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት በ1970 ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ወሰደ፤ በ1971 ደግሞ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ዕለት ከሁሉ በፊት የተጠራው የእሱ ስም ነበር። የወሰደው የኒው ኢንግላንድ ቡድን ግን ደካማ ነበር፤ ጥበቃው የሳሳ በመሆኑ ፕለንኬት በየሳምንቱ ይደበደብ ነበር። ተጎዳ፤ ተሸጠ። በ1978 የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን አሰናበተው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ያኔ ብዙዎች አበቃለት ብለው ነበር። የኦክላንድ ሬይደርስ ቡድን በተጠባባቂነት ቢወስደውም በዚያ ዓመት አንድ ኳስ እንኳ አልወረወረም።

በ1980 ኦክላንድ የረዥም ጊዜ መሪውን ኬን ስቴብለርን ለሂዩስተን ሰጥቶ ዳን ፓስቶሪኒን በለውጥ አመጣ። በአምስተኛው ሳምንት የፓስቶሪኒ እግር ተሰበረ። ፕለንኬት ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለልብ ወለድ ጸሐፊ እንኳ የሚበዛ ነው። በመደበኛው ውድድር የጀመራቸውን አሥራ አንድ ጨዋታዎች ዘጠኙን አሸነፈ። በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ጨዋታ የገጠመው ስቴብለር የሚመራውን ሂዩስተንን ነበር፤ 27 ለ 7 ረታው። በ1981 ጥር ኒው ኦርሊንስ ላይ ፊላደልፊያን 27 ለ 10 ሲያሸንፉ ሦስት ታችዳውን ወርውሮ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። የምድብ አሸናፊ ሳይሆን በተጨማሪ ዕድል የገባ ቡድን ሱፐር ቦውል ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። በ1983 ቦታውን ለወጣት ተቀማ፤ ወጣቱ ሲጎዳ ተመልሶ በ1984 ጥር ዋሽንግተንን 38 ለ 9 አሸንፎ ሁለተኛውን ዋንጫ አነሣ።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር ቀላል አይደለም። ፕለንኬት በመደበኛው ውድድር 72 አሸንፎ 72 ተሸንፏል። የወረወረው ታችዳውን 164፣ የተጠለፈበት 198 ነው። በሜዳ ላይ የሠራው ይህ ነው ይላሉ። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። ኔማዝ 62 አሸንፎ 63 ተሸንፎ፣ በአንድ ዋንጫ ከገባ፣ 72 አሸንፎ 72 ተሸንፎ ሁለት ዋንጫ ያነሣው በምን ሕግ ይቀራል? ስቴብለርስ ቢሆን 194 ታችዳውን ወርውሮ 222 ተጠልፎበት፣ አንድ ሱፐር ቦውል አሸንፎ፣ በ2016 አልገባም ወይ? ስቴብለር አይገባውም ማለቴ አይደለም። የስቴብለር በር በተከፈተበት ቁልፍ የፕለንኬትም በር ሊከፈት ይገባል ማለቴ ነው።

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያፋፍመው ኢላይ ማኒንግ ነው። የኒውዮርክ ጃያንትስ ኳርተርባክ የነበረው ማኒንግ በመደበኛው ውድድር 117 አሸንፎ 117 ተሸንፏል፤ ልክ እንደ ፕለንኬት፣ ሚዛኑ ወደ የትም አላጋደለም። በ2008 የካቲት ግን አሥራ ስምንት ጨዋታ ያለ ሽንፈት የመጣውን ኒው ኢንግላንድን 17 ለ 14 ጣለ፤ በ2012 ያንኑ ቡድን 21 ለ 17 ደገመው። ሁለቱንም ጊዜ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ለመጨረሻው ዙር ቢደርስም አላለፈም፤ በዚያ ዓመት የገቡት በጠቅላላው አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ወንድሙ ፔይተን በ2021 ገብቷል፤ ስሙም፣ የተጫወተባት ከተማም ታላላቅ ናቸው። አንድ ቀን በሩ ቢከፈትለት የሚደነቅ አይሆንም። የሚያሳዝነው ማኒንግ በሁለት ዋንጫ ገብቶ፣ ከእሱ በፊት በሁለት ዋንጫ ያንኑ ጎዳና የሄደው የሳን ሆዜው ልጅ የተረሳ እንደሆነ ነው።

ሁለተኛው ሰው ኬን አንደርሰን የፕለንኬት ተቃራኒ ነው። ለአንደርሰን የሚከራከሩለት ቁጥሮቹ ናቸው፤ የጎደለው ዋንጫ ነው። ኢሊኖይ ውስጥ ከምትገኝ ኦጋስታና ከተባለች ትንሽ ኮሌጅ ወጥቶ ከ1971 እስከ 1986 ለሲንሲናቲ ቤንጋልስ ብቻ ተጫወተ። በአወራወር ጥራት መለኪያ ሊጉን አራት ጊዜ መርቷል፤ በ1974፣ በ1975፣ በ1981 እና በ1982። በ1981 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ1982 ከወረወራቸው ኳሶች 70.6 በመቶው ለጓደኞቹ ደረሱ፤ ያ ክብረ ወሰን ድሩ ብሪስ በ2009 እስኪያሻሽለው 27 ዓመት ቆየ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ስለ ዘመን አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። እስከ 1977 ድረስ ተከላካይ ኳስ ተቀባዩን በሜዳው ርዝመት ሁሉ እየገፋና እያንገላታ ሊከተለው ይችል ነበር። በ1978 ሕጉ ተለወጠ፤ ከአምስት ያርድ በኋላ መንካት ተከለከለ፣ ኳርተርባኩን የሚጠብቁትም እጃቸውን ዘርግተው እንዲከላከሉ ተፈቀደ። የመደበኛው ውድድር ጨዋታም ከ14 ወደ 16 አደገ፤ በ2021 ደግሞ 17 ሆነ። ስለዚህ የ1974ን ቁጥር ከ2014 ቁጥር ጎን አስቀምጦ መፍረድ በበቅሎ የተሄደን መንገድ በመኪና ከተሄደ ጋር በሰዓት እንደ ማወዳደር ነው። አንደርሰን ከአራቱ የመሪነት ዓመታት ሁለቱን ከሕጉ በፊት፣ ሁለቱን ከሕጉ በኋላ አግኝቷል። በሁለቱም ዘመን የበላይ መሆን ለጥቂቶች የተሰጠ ነገር ነው።

የአንደርሰን ታሪክ ግን ከቁጥሩም በላይ ነው። በሲንሲናቲ እስከ 1975 ድረስ ቢል ዎልሽ የተባለ ረዳት አሠልጣኝ ነበር። ዎልሽ ኳሷን በአጭር በአጭሩ፣ በሰዓት እንደ ተለካ ዜማ እየወረወሩ ሜዳውን መቁረጥ የሚቻልበትን ስልት እዚያ ቀመረ። የስልቱ ዋና ተማሪ ወጣቱ አንደርሰን ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ዎልሽ የሳን ፍራንሲስኮ ዋና አሠልጣኝ ሆነ፣ ስልቱንም ጆ ሞንታና ለተባለ ሌላ ወጣት አስተማረ። በ1982 ጥር መምህሩና ሁለቱ ተማሪዎች ሚሺጋን ግዛት ፖንቲያክ ከተማ ላይ በሱፐር ቦውል ተገናኙ።

አንደርሰን ወደዚያ የደረሰው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ በሆነ ብርድ፣ የዳን ፋውትስን የሳን ዲዬጎ ቡድን 27 ለ 7 አሸንፎ ነው። በሱፐር ቦውሉ የመጀመሪያ ግማሽ ሲንሲናቲ 20 ለ 0 ተመራ። በሁለተኛው ግማሽ ተነሡ። በሦስተኛው ክፍል ለመስመሩ ሦስት ያርድ ብቻ ቀርቷቸው አራት ጊዜ ሞክረው አራቱንም ተገቱ። በመጨረሻ 26 ለ 21 ተሸነፉ። አንደርሰን በዚያ ቀን 300 ያርድ ወርውሯል፣ ሞንታና 157። ኮከብ ተጫዋች የተባለው ሞንታና ነው። ዎልሽና ፋውትስ በ1993፣ ሞንታና በ2000 ወደ አዳራሹ ገቡ። መምህሩ ገባ፤ የኋለኛው ተማሪ ገባ፤ በብርዱ ቀን የተሸነፈውም ገባ። የመጀመሪያው ተማሪ በ1996 እና በ1998 እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ ተመለሰ። ያቺ ሦስት ያርድ ተሻግራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሙግት ባልኖረ። የአንድ ሰው የአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ሌላ ሰው ተሸክሞ ሊያልፋት ባልቻላት ሦስት ያርድ መመዘኑ ፍትሕ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ሦስተኛው ሙግት ከሁሉ ይከብዳል። ዳግ ዊሊያምስ በሥራ ዘመኑ 100 ታችዳውን ወርውሯል፤ 93 ተጠልፎበታል። ከወረወራቸው ኳሶች ለጓደኛ የደረሱት ግማሽ ያህል ናቸው። በመደበኛው ውድድር ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ መራጭ ጉዳዩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ቁጥሩ የማይነግረውን እንመልከት። ጥቁር ተጫዋች ኳርተርባክ ሊሆን አይችልም፣ አእምሮው ለዚያ አልተሠራም የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ዘመን ያልተጻፈ ሕግ ነበር። በ1968 ማርሊን ብሪስኮ ለዴንቨር በዚያ ቦታ ተሰልፎ 14 ታችዳውን ወረወረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለቦታው እንዲወዳደር እንኳ ዕድል ሳይሰጠው ሄደና ኳስ ተቀባይ ሆነ። ዋረን ሙን በ1978 ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ከክለቦቹ አንድም የመረጠው አልነበረም፤ ካናዳ ተሻግሮ አምስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ ካነሣ በኋላ በ1984 ተመልሶ ገባ። ሙን በ2006 ወደ አዳራሹ ሲገባ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ፤ አዳራሹ ከተከፈተ በ43ኛው ዓመት ማለት ነው።

ዊሊያምስ የዚህ ዘመን ሰው ነው። በ1978 ከግራምብሊንግ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ታምፓ ቤይ ሲወስደው ቡድኑ ከተመሠረተ ጀምሮ የመጀመሪያዎቹን 26 ጨዋታዎች በተከታታይ በመሸነፍ የሚታወቅ መሣለቂያ ነበር። ዊሊያምስ ባሉበት አምስት ዓመታት ሦስት ጊዜ ለጥሎ ማለፍ አበቃው። ሆኖም የሚከፈለው ደመወዝ ከሌሎች ቡድኖች ተጠባባቂዎች እንኳ ያነሰ ነበር። በ1983 ባለቤቱ ሕፃን ልጅ ትታበት በአንጎል ዕጢ ሞተች፤ በደመወዙም ከክለቡ ጋር ሳይስማማ ቀረና ወደ ሌላ ሊግ ሄደ። በዚያው ዓመት ታምፓ ቤይ ሁለት አሸንፎ አሥራ አራት ተሸነፈ፤ ጥሎ ማለፍን እንደገና ያየው በ1997 ነው። አንድ ሰው ምን ያህል እንደሚመዝን ለማወቅ አንዳንዴ ሲሄድ የሚተወውን ጉድጓድ ጥልቀት መለካት ይሻላል።

በ1988 ጥር 31 ዊሊያምስ ለዋሽንግተን ተሰልፎ በሱፐር ቦውል ጨዋታ የጀመረ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ዴንቨር 10 ለ 0 መራ። ዊሊያምስ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ ወጣ። ተመልሶ ገባ። በሁለተኛው ክፍል፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ የጨዋታ ጊዜ ውስጥ፣ አራት ታችዳውን ወረወረ፤ ቡድኑም በዚያ ክፍል ብቻ 35 ነጥብ አስቆጠረ። ጨዋታው 42 ለ 10 ሲያልቅ ኮከቡ እሱ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ «ጥቁር ኳርተርባክ ቡድን ለዋንጫ ሊያበቃ ይችላል ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ አይቻልም ነበር። ጥያቄው ሞቶ ነበርና።

እርግጥ ነው፣ የጠንቃቆቹ መራጮች ሥጋት ከንቱ አይደለም። ጨዋታው የብዙዎች ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ዋንጫን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ለተከላካዮቹና ለአሠልጣኙ በደል ነው። በስሜት የተከፈተ በር ደግሞ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ሁሉም ከገባ መግባቱ ክብርነቱ ይጠፋል። ይህን አምናለሁ። ግን የሦስቱ ጉዳይ በስሜት ብቻ የሚቆም አይደለም። አንደርሰን ቁጥር ለሚጠይቀው ቁጥር አለው። ፕለንኬት ዋንጫ ለሚጠይቀው ዋንጫ አለው፤ ቁጥሩም ቀድመው ከገቡት አይተናነስም። ዊሊያምስም «በሜዳ ላይ የሠራውን ብቻ» ለሚለው ደንብ በሜዳ ላይ የሠራው አለው። ያን ሁለተኛ ክፍል የሠራው በአደባባይ ንግግር ወይም በፍርድ ቤት አይደለም፤ በሣሩ ላይ ነው።

እኔ ብጠየቅ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ፤ አንደርሰን ዛሬውኑ፣ ፕለንኬት ከማኒንግ በፊት ወይም ከማኒንግ ጋር። ዊሊያምስ ግን ለመራጮቹ ከራሱ የሚበልጥ ጥያቄ ያቀርብላቸዋል፤ ቤታቸው የምርጥ ሠንጠረዦች ማከማቻ ነው ወይስ የጨዋታው ታሪክ ማደሪያ? የኔማዝን ምስል ሲያቆሙ መልሱን አንድ ጊዜ ሰጥተዋል። ያንኑ መልስ ለዊሊያምስ መንፈግ ደንብ ማክበር አይባልም።

ስቴብለር በ2015 ሐምሌ ሞተ፤ ወደ አዳራሹ የመረጡት ከሰባት ወር በኋላ ነው። በካንተን ምስሉ ተገልጧል፣ ጭብጨባውም ተሰምቷል፤ እሱ ግን አልሰማውም። ስም ከመቃብር በላይ መዋሉ መልካም ነው። ከመቃብሩ በፊት ለባለቤቱ ጆሮ ቢደርስ ግን መራጮቹን የሚያስከፍላቸው ነገር የለም።